የሲቲ ስካኑ ሶፍትዌር ስህተት ሲገኝበት ለማን ይነገራል?

ባለፈው ዓመት ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት፣ ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ አባት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ድንገተኛ ክፍል መጡ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከደረጃ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ነበር። ያኔ «ምንም አልሆንኩም» ብለው ቤት ዋሉ። ሰነባብቶ ግን ራስ ምታት ጸናባቸው፤ ቀኝ እጃቸው ብርጭቆ መያዝ አቃተው፤ ቀኝ እግራቸውንም መጎተት ጀመሩ። ልጃቸው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በአንድ የምርመራ ማዕከል ሲቲ ስካን አስነሥቷቸው ስለነበር ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ነው የመጣው። የጽሑፍ ውጤቱ ገና አልደረሰም፤ «ነገ ውሰዱ» ተብለዋል።

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። በአንጎልና በራስ ቅል መካከል የተጠራቀመ ደም ወለል ብሎ ይታያል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ቀለል ያለ ከሚመስል አወዳደቅ በኋላ ደሙ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ ከሳምንታት በኋላ ምልክት ማሳየቱ የተለመደ ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪም የራስ ቅሉን በትንሹ በስቶ ሲያፈስሰው ብዙዎች ድነው ይሄዳሉ። ግር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ ላይ በታተመው ምልክት መሠረት ደሙ ያለው በቀኝ በኩል ነው። የደከመውም ቀኝ ጎናቸው ነው።

የቀኝ እጃችንንና እግራችንን የሚያዝዘው የአንጎላችን ግራ ክፍል መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ቀኝ ጎኑ የደከመ ሰው ደሙ በግራ ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። የተጠራቀመው ደም አንጎልን ወደ ጎን ሲገፋው በተቃራኒው በኩል ያለው የነርቭ መሥመር ከጠንካራው የአንጎል ሽፋን ጠርዝ ጋር ተጫጭኖ የሚጎዳበት፣ ድክመቱም ከደሙ ጋር በአንድ ጎን የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ ፊልሙ ተሳስቷል ብዬ መደምደም አልቻልኩም፤ ፊልሙን አምኖ በተሳሳተ ጎን የራስ ቅል ማስበሳት ደግሞ የማይታሰብ ነው። የነበረን ምርጫ አባትየውን በእኛ ማሽን እንደገና ማንሣት ብቻ ነበር። ደሙ በግራ በኩል ሆኖ ተገኘ። ሲነጋ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ በሳምንቱ ማንንም ሳይደገፉ በእግራቸው ወጡ።

በማግሥቱ ለማዕከሉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው የራጅ ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር፤ ነገሩን አልካደም። አጣርቶ መልሶ ደወለልኝ። ከአሥር ቀን በፊት የማሽኑ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሶፍትዌሩ እንደገና ተጭኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊልም የሚታተምበት ቅንብር የቀኝና የግራ ምልክቱን ገልብጦ ሲያወጣ ቆይቷል። በዚያው ቀን አስተካከሉት። «የሶፍትዌሩ እትም ስንት ነው? አምራቹ በዚህ ጉዳይ የላከው ማሳሰቢያ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። ማሽኑ ውጭ አገር ሲሠራበት ቆይቶ የተገዛ ነው። አምራቹ ማሳሰቢያ ልኮ ከሆነም ደብዳቤው የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ወደሚያውቀው ወደ መጀመሪያው ባለቤት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጅየው ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ዶክተር፣ በእነዚያ አሥር ቀናት የተነሡት ሌሎቹ ሰዎችስ ተነግሯቸዋል?» አለኝ።

ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ለዛሬው ጽሑፌ ምክንያት የሆነኝም እሱ ነው።

ድሮ ራጅ ሲነሣ ጨረሩ በሰውነት አልፎ ፊልሙን ያጠቁረው ነበር። የሚታየው የአካላችን ጥላ ነው፤ በመካከል የሚያሰላ ነገር የለም። ሲቲ ስካን ግን እንዲህ አይሠራም። ጨረሩን በዙሪያችን እያሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ የሚለካውን እጅግ ብዙ ቁጥር ይሰበስባል፤ ከዚያ የቁጥር ክምር ውስጥ የአንጎላችንን ወይም የደረታችንን ምስል የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ኤምአርአይም ከጨረር ይልቅ በመግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል እንጂ ምስሉን የሚያገኘው እንዲሁ በስሌት ነው። ቀኝና ግራን የሚለየው፣ የዕጢውን ስፋት በሚሊሜትር የሚለካው፣ ምስሉን ከስማችንና ከካርድ ቁጥራችን ጋር የሚያያይዘው ሶፍትዌሩ ነው። ሲቲ ስካን ላይ ደግሞ ስንት ጨረር እንደምንቀበል የሚወስነው በዚያው ሶፍትዌር ውስጥ የተቀመጠው ቅንብር ነው።

በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር አምራቾች የሚያወጧቸውን የደኅንነት ማሳሰቢያዎች የሚያነብ ሰው ተመሳሳይ የሆኑ ስህተቶችን ደጋግሞ ያገኛል። ምስሉ ተገልብጦ ይታያል፤ የመለኪያው መሥመር ከእውነተኛው የተለየ ቁጥር ይሰጣል፤ የአንዱ ታካሚ ምስል በሌላው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ከተነሡት ምስሎች የተወሰኑት ሐኪሙ ስክሪን ላይ ሳይታዩ ይቀራሉ። የሚያስፈራው ነገር ማሽኑ ሲሳሳት አለመጮኹ ነው። የተበላሸ መኪና ይንገጫገጫል፣ ይጨሳል። የተሳሳተ ሶፍትዌር ግን ጥርት ያለና ያማረ ምስል ያወጣል።

አንድ ምርት ከገበያ እንዲሰበሰብ ተወሰነ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሽሮፕ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሲወርድ ወይም የታሸገ ምግብ ተጭኖ ሲወገድ ነው። የምስል መሣሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚደረገው ጥሪ ግን በአብዛኛው ከዚህ የተለየ ነው። በምህፃሩ ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሕጉ የማስመለስ ጥሪ የሚለው ሁለት ነገሮችን ነው፤ አንደኛው መሣሪያውን ከአገልግሎት ቦታው ማንሣት ሲሆን ሁለተኛው ባለበት ማረም ነው። ጥሪዎቹንም በሦስት ደረጃ ይመድባቸዋል። አንደኛው ደረጃ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል፣ ሁለተኛው ጊዜያዊ ወይም በሕክምና ሊድን የሚችል ጉዳት የሚያመጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉዳት ያመጣል ተብሎ የማይገመት ነው። ሶፍትዌር ሲሆን ማሽኑ እዚያው ይቆማል፣ ታካሚም መነሣቱን ይቀጥላል፤ የሚንቀሳቀሰው ደብዳቤ ነው። «ይህ እትም ያላችሁ ተጠቃሚዎች ይህን ተግባር አትጠቀሙ፤ አዲሱ እትም እስኪጫንላችሁ ድረስ እንዲህ አድርጉ» የሚል ደብዳቤ። ደብዳቤው ማሽኑ ፊት ለሚቀመጠው ሰው ካልደረሰ ጥሪው ተደርጓል ለማለት ይከብደኛል።

ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 የተደረጉ 3 ሺህ 140 የሕክምና መሣሪያ የማስመለስ ጥሪዎችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 242ቱ የሶፍትዌር ችግር ያስከተላቸው ነበሩ። ከ242ቱ ደግሞ በ192ቱ ላይ ስህተቱ የገባው ሶፍትዌሩ ተሠርቶ ከተሠራጨ በኋላ ለውጥ ሲደረግበት ነው። ከአምስቱ አራቱ ማለት ነው። ቁጥሩ የቆየ ነው፤ ዛሬ ሶፍትዌር የሌለው የሕክምና መሣሪያ ማግኘት ይቸግራል። ቢሆንም ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህን ቁጥር ሳስብ ማዕከሉ ማሽን ትናንት ደህና ሠርቶ ሳለ ሶፍትዌሩ እንደገና በተጫነ ማግሥት የሳተ መሆኑ አይገርመኝም።

አንድ ሰፊ ምርመራ የተደረገበትን ጉዳይ በምሳሌነት ላንሣ። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የሚገኘው ሲዳርስ ሳይናይ በአገሩ ስመ ጥር የሆነ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ሆስፒታሉ በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ለማየት የሚያገለግለውን የሲቲ ስካን ቅንብር ለወጠ። ይህ ምርመራ ስትሮክ ለተጠረጠረባቸው ሰዎች የሚታዘዝ ነው። የለውጡ ሐሳብ ሐኪሞች የደም ዝውውሩን በተሻለ እንዲያዩ ነበር። ነገር ግን በለውጡ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ገባ፤ ማሽኑም ያንን ቁጥር አስታውሶ ከዚያ በኋላ ለመጣው ታካሚ ሁሉ ይጠቀምበት ጀመር። ሊሰጥ ከሚገባው ጨረር ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ መጠን ማለት ነው።

ይህ የቆየው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት አልነበረም። 18 ወር ሄደ። በመጀመሪያው ማሳሰቢያ ላይ የተጠቀሱት ታካሚዎች 206 ነበሩ። የጨረሩ መጠን በማሽኑ ስክሪን ላይ ይታይ ነበር፤ የሚያየው ዓይን ግን ከልማድ የተነሣ አያነበውም። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 አንድ ታካሚ ከምርመራው በኋላ ፀጉሩ መርገፉን ለሆስፒታሉ በመናገሩ ነው። ኤፍዲኤ በጥቅምት ወር ለሁሉም ሆስፒታሎች ማሳሰቢያ አወጣ። ሌሎች ሆስፒታሎችም የራሳቸውን መዝገብ ሲያገላብጡ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ላይ የታወቁት ታካሚዎች በስድስት ሆስፒታሎች 385 ገደማ ደርሰው ነበር። ማሽኖቹም የአንድ አምራች ብቻ አልነበሩም።

እውነቱን ለመናገር ይህ የፕሮግራም ጸሐፊ ስህተት አልነበረም። የኤፍዲኤ መርማሪዎች ማሽኖቹ በመመሪያው መሠረት ቢሠሩ ኖሮ እንዲህ ያለ ጉዳት እንደማያደርሱ ገልጸዋል። ሆኖም ነገሩን በባለሙያው ላይ ጥለው አልተዉትም። የጨረሩ መጠን ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሶፍትዌሩ ራሱ ባለሙያውን እንዲያስጠነቅቅ አምራቾችን ጠየቁ። ካሊፎርኒያም በ2010 ባወጣችው ሕግ የሲቲ ስካን ጨረር መጠን በታካሚው ውጤት ላይ እንዲመዘገብ አስገደደች። እኔ ይህን አካሄድ እወደዋለሁ። ድንጋጌው የተበደለውን መካስ ላይ ሳይቆም ቁጥሩን ሐኪሙም ታካሚውም ሊያዩት የሚችሉት ቦታ አስቀመጠው።

ዜናው በወቅቱ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ግን ከዚህ የቆየ ታሪክ ነው። ቴራክ 25 ካናዳ ውስጥ የተሠራ የካንሰር የጨረር ማከሚያ ማሽን ነበር። ማከሚያ እንጂ ምስል ማንሻ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሕክምና ሶፍትዌር ደኅንነት የሚማር ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሞዴል ጨረሩ ሲሳሳት የሚያቋርጥ የብረትና የሽቦ መከላከያ ነበረው። በቴራክ 25 ላይ ይህ ሥራ ለሶፍትዌሩ ተተወ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሰዎች ከልክ ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፤ ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ።

በ1986 መጋቢት ወር በቴክሳስ ግዛት በታይለር ከተማ አንድ ታካሚ በሕክምናው ጊዜ እንደ ኤሌክትሪክ የሚያቃጥል ምት ተሰማው። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ብልሽት 54» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የማሽኑ መመሪያ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አያብራራም። የአምራቹ መሐንዲሶች መጥተው ችግሩን ሊያገኙት አልቻሉም። ሆስፒታሉ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ እንደሆነ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ አናውቅም የሚል ነበር። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጆርጂያና በኦንታሪዮ ሰዎች ተጎድተዋል። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሚያዝያ ወር፣ ልክ በሦስት ሳምንቱ፣ በዚያው ክፍል ሁለተኛው ታካሚ ተመታ። ሁለቱም አልተረፉም። ስህተቱን በመጨረሻ ያገኙት የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ማሽኑን ታንቀሳቅስ የነበረችው ሠራተኛ ናቸው። ትእዛዙን አስገብታ በፍጥነት ስታርመው ሶፍትዌሩ እንደሚደናበር ደጋግመው ሞክረው አረጋገጡ። ማሽኑ ፊት የሚቀመጥ ሰው የሚያውቀውን አምራቹ አያውቀውም፤ አምራቹ ከሌላ ከተማ የሰማውን ደግሞ ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰው አልሰማም።

አነስ ያለች አንዲት ነገር ልጨምር፤ እኛንም ስለምትነካ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለኤፍዲኤ የቀረበ አንድ ሪፖርት አለ። ለልብ ምርመራ በደም ሥር ቱቦ ገብቶለት በማደንዘዣ ላይ ያለ ታካሚ እየተከታተለ የነበረ ኮምፒውተር በመሀል ቀጥ አለ፤ ስክሪኑ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጠፋ። ምክንያቱ ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሙ በዚያች ሰዓት ፍተሻ መጀመሩ ነው። አምራቹ የሕክምና ፋይሎቹ በፍተሻው ውስጥ እንዳይካተቱ አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ ሆስፒታሉ ግን ፕሮግራሙን ሲጭን ይህን አላደረገም። ታካሚው አልተጎዳም፣ ሥራውም ተጠናቀቀ። በየክፍሉ ፍላሽ ዲስክ ለሚሰካባቸው፣ «እስኪ አንዴ አጽዳልን» እየተባሉ ለሚሰጡ የሆስፒታል ኮምፒውተሮቻችን ይህች ታሪክ ተለጥፋ ብትነበብ ደስ ይለኛል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። አንዳንዱ አዲስ ተገዝቶ በወኪል በኩል ይመጣል፤ አንዳንዱ ሲሠራበት ቆይቶ ይገዛል፤ አንዳንዱም በእርዳታ ይገኛል። አዲስ ከተገዛ የአምራቹ ማሳሰቢያ ለወኪሉ ይላካል፤ ወኪሉ ለሆስፒታሉ ያደርሳል። ሆስፒታል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ዳር ላይ «ለሚመለከተው» ተብሎ ይመራል፤ ከግዥ ክፍል ወደ ባዮሜዲካል ክፍል ይሄዳል፤ የባዮሜዲካል ኢንጂነሩ ሥራ ለቆ ከሆነ እዚያው ይተኛል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውም የሕግ ባለሙያ የተረቀቀ ስለሚመስል ሦስቴ ካላነበቡት አይገባም። ሲሠራበት ቆይቶ የተገዛው ወይም በእርዳታ የመጣው ማሽን ደግሞ ይህችን ያህል ዕድል እንኳ የለውም። አምራቹ የት እንዳለ አያውቅም።

የሕክምና መሣሪያን ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ስለዚህ የሚጎድለን ሕግ ነው ብዬ አላምንም። የሚጎድለን ከሕጉ ሥር ያለው ትንሹ ሥራ ነው፤ የቱ ማሽን የት እንዳለ፣ በየትኛው የሶፍትዌር እትም እንደሚሠራ፣ ማሳሰቢያ ሲመጣ ስልኩ የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ። እያንዳንዱ የጤና ተቋምና የምርመራ ማዕከል ይህን መዝገብ ለመክፈት ከውጭ ምንዛሪ አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ባለሙያ ይበቃዋል። የማሽኑ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ የሶፍትዌር እትምና የተጫነበት ቀን ባለሙያው ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያገለገለ ወይም የእርዳታ ማሽን የሚረከብ ተቋም ከመረከቡ በፊት ለአምራቹ ጽፎ አዲሱ ባለቤት እሱ መሆኑን ያስመዝግብ። በግዥ ውል ውስጥም ወኪሉ የደረሰውን የደኅንነት ማሳሰቢያ ሁሉ በስንት ቀን ውስጥ ለማን እንደሚያስረክብ ይጻፍ። ሶፍትዌር በተጫነ ወይም በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሰው ከመነሣቱ በፊት ቀኝና ግራው፣ ርዝመትና ስፋቱ በሚታወቅ መፈተሻ ዕቃ ማሽኑ ይፈተን፤ ፊልምም ይታተምበት። ያ ማዕከል ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ አባትየው ሁለት ጊዜ ጨረር ባልወሰዱ፣ ልጃቸውም ሁለት ጊዜ ባልከፈለ።

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሣ የሚገጥመኝ ተቃውሞ «ሕዝቡን ታስፈራዋለህ፤ ምርመራ እምቢ ይላል» የሚል ነው። አልስማማም። ታካሚዎቼ ከሚያውቁት ይልቅ የተደበቀባቸው ነገር ያስፈራቸዋል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ስህተት የተናገረ ባለሙያ ደመወዙ የሚቆረጥ፣ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት ከሆነ ቀጣዩን ስህተት ማንም አይነግረንም። ያ የራጅ ባለሙያ አጣርቶ ባይደውልልኝ ኖሮ ፊልሙ ለምን እንደተገለበጠ ዛሬም አላውቅም ነበር፤ ማሽኑም እስከ መቼ እንደዚያ ይቀጥል እንደነበር እንጃ።

ነገሩ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን አንብቦ የሳንባ ነቀርሳን የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለልየታ እንዲውል መክሯል። የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ለሆነችው ለእኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የራዲዮሎጂ ሐኪም በሌለበት ወረዳ አንድ ላፕቶፕ ብዙ ሰው ያድናል። ፕሮግራሙ ግን ለእያንዳንዱ ራጅ ነጥብ ይሰጣል፤ ከስንት ነጥብ በላይ ያለው ሰው አክታው ይመርመር የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን። እትሙ ሲቀየር ነጥብ አሰጣጡም ሊቀየር ይችላል። ባለፈው ዓመት ሕመምተኛ የሚለየው ቁጥር ዘንድሮ ሕመምተኛ ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። አዲስ እትም ሲመጣ ማን ያውቃል? የወረዳው ጤና ጣቢያ ነርስ ይነገራታል?

እስከዚያው አንባቢዬ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የታዘዘልዎትን ምርመራ ይነሡ። ሲቲ ስካን በየቀኑ ሰው ያድናል፤ እነዚያን አባት መጨረሻ ላይ ያዳናቸውም እሱው ነው። ፊልሙን ወይም ሲዲውን ሲረከቡ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎን ከነአባትዎ ስም፣ ዕድሜዎን፣ የካርድ ቁጥርዎንና ቀኑን ያንብቡ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ አስታማሚዎ ያንብብልዎት። በአገራችን የስም መመሳሰል ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንድ ቀን ሁለት ከድር አሕመድ፣ ሦስት አበበ ተስፋዬ ቢመጡ ማንንም አይገርምም።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የትኛው ጎንዎን እንደሚያምዎት በአፍዎ ይናገሩ፣ በእጅዎም ያሳዩ፤ ውጤቱ ከሕመምዎ ጋር ይስማማ እንደሆነም ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሐኪም ካለ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። እኛ ሐኪሞችም ብንሆን በተለይ ወጣቶቹ፣ እኔን ጨምሮ፣ ምስሉን ከማየታችን በፊት ሰውየውን የመመርመር ልማዳችን እየላላ ነው። በዚያች ሌሊት የአባትየውን ክንድና እግር በእጄ ሳልፈትሽ ፊልሙን ብቻ ይዤ ለቀዶ ሐኪሙ ደውዬ ቢሆን ኖሮ የምነግረው ጎን የተሳሳተ ይሆን ነበር። ቀዶ ሕክምና የሚደረግልዎት ከሆነም ገና ነቅተው ሳሉ የሚቀደደው ጎን በቀለም ምልክት እንዲደረግበት ይጠይቁ።

የድሮ ፊልሞችን አይጣሉ፤ ሳያጥፉ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። አዲሱ ምስል ከድሮው ጋር ሲነጻጸር የሚታወቅ ስህተት ብዙ ነው። በሌላ በኩል «ለማረጋገጥ» እያሉ በራስዎ ፈቃድ ከማዕከል ማዕከል ሲቲ ስካን አይነሡ፤ ጨረሩ ከደረት ራጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ ከመነሣትዎ በፊት ይናገሩ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ከተነሡ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ቆዳዎ ከቀላ ወይም ፀጉርዎ በአንድ በኩል ከረገፈ «የጭንቀት ነው» ብለው አይተዉት፤ ወደተነሡበት ተቋም ተመልሰው ያሳውቁ። ሎስ አንጀለስ ላይ 18 ወር የቆየው ነገር የታወቀው አንድ ታካሚ ስለተናገረ ነው። ተቋሙ ካልሰማዎት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መሥመር 8482 ነው።

ሲመዘገቡም የሚሠራ ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ። መስኮቱ ላይ ሰልፍ ሲረዝም ሠራተኛው ሊያልፈው፣ እርስዎም ሊቸኩሉ ይችላሉ። ለልጅየው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለማዕከሉ እንደገና ደውዬ ነበር። የራጅ ባለሙያው የአሥሩን ቀን መዝገብ ከፍቶ የጭንቅላት ሲቲ ስካን የተነሡትን አንድ በአንድ ለይቷል፤ ስልካቸው ለተጻፈው ሁሉ ደውሎ ፊልማቸውን እንዲቀይሩ ጠርቷቸዋል። የአንዳንዶቹ የስልክ ቦታ ግን ባዶ ነበር።